ከስላይድ እስከ ሲዲ ፎር፦ የደሴና የኮምቦልቻ ላብራቶሪዎች ታሪክ

የበሽታ ምርመራ ላብራቶሪ ሥራ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ሕዋስን ማየት ነው፤ ደም፣ አክታ፣ ሰገራ ወይም ከቆዳ የተፋቀ ፈሳሽ ስላይድ ላይ ተቀብቶ፣ ቀለም ተነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሁለተኛው ፕሮቲንን ማግኘት ነው። ፕሮቲን በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይምና መኖሩ የሚታወቀው በሌላ ነገር ላይ በሚያመጣው ለውጥ ነው፤ ያጓጉላል፣ ቀለም ያስለውጣል፣ ወይም ወረቀት ላይ መስመር ያወጣል። በደሴና በኮምቦልቻ ሁለቱ ሥራዎች ጎን ለጎን አድገዋል፤ አንዱም ያለ ሌላው አልተራመደም። ፕሮቲን መጀመሪያ የታወቀው በሕዋሳት መጓጎል ነበር፤ ኋላ ደግሞ ሕዋሳት ራሳቸው በላያቸው ባለው ፕሮቲን ይቆጠሩ ጀመር።

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። ይህ የከፍታ ልዩነት የሁለቱን ከተሞች በሽታ ለይቷል። ወባ ከኮምቦልቻ በታች ባሉት በሐርቡ፣ በከሚሴና በባቲ ቆላዎች ይበረታል። በቅማል የሚተላለፉት ተስቦ (ታይፈስ) እና ግርሻ ደግሞ ልብስ የሚደራረብበትን ብርዳማ ደጋ ይወዳሉ። ኮምቦልቻ የአሰብ መንገድ መተላለፊያ፣ የባቲ ገበያና የአፋር ከብት ጎረቤት በመሆኗ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላብራቶሪ የተተከለው እዚያ ነው። የሰው ሕክምናው ማዕከል ደሴ ሆነ።

ከላብራቶሪ በፊት በሽታ የሚጠራው በውጭ ምልክቱ፣ በወሩ ወይም በመለማመጫ ስም ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን የአገሪቱን ከብት የፈጀው ወረርሽኝ “ደስታ” ተባለ፤ ክፉውን በመልካም ስም ጠርቶ ለማለዘብ ይመስላል። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ እስከ ዛሬ የኅዳር በሽታ ይባላል። ወሎ በሬ አጥቶ በእጁ በሚቆፍርበት ዘመን አውሮፓ ውስጥ የጀርም ፍለጋው ተጧጡፎ ነበር። ሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን የገለጸው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1882 ነው። ዚልና ኒልሰን ያንኑ ባክቴሪያ ቀይ አድርጎ የሚያሳየውን የቀለም አሠራር በ1882 እና በ1883 አወጡ፤ የግራም ቀለም በ1884 ተከተለ። ሁለቱም የቀለም ዘዴዎች ዛሬም ከላብራቶሪው መደርደሪያ አልወረዱም። ደስታን ያመጣው ቫይረስ ግን ለብርሃን ማይክሮስኮፕ እጅግ ትንሽ ነው፤ በዚያ ዘመን ማንም ስላይድ ላይ ሊያገኘው አይችልም ነበር።

ዘመናዊ ሆስፒታል ደሴ የደረሰው በሚሲዮን በኩል ነው። በአድቬንቲስቶች የሚመራው የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ሥራ ላይ ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከተማው ውስጥ ነበሩ። የቀይ መስቀል ምልክት ተዘርግቶበት የነበረው ይኸው ሆስፒታልም ተመታ። ከጦርነቱ በኋላ የጤና አገልግሎት እንደገና ሲደራጅ አዲስ አበባ ላይ የፓስተር ኢንስቲትዩት ቆመ። ስሙ እስከ ዛሬ የሠፈር ስም ሆኖ ቀርቷል፤ ተቋሙ ስሙን ደጋግሞ ከለወጠ በኋላ አሁን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር የላብራቶሪ ቴክኒሻኖችንም አሠልጥኖ ወደ ክፍለ ሀገር ላከ። ላብራቶሪ በክፍለ ሀገር ሙያ መሆን የጀመረው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። መሣሪያቸው ማይክሮስኮፕ፣ ጥቂት ጠርሙስ ቀለምና የአልኮል ኩራዝ ነበር።

ማይክሮስኮፕን በአገሪቱ በስፋት ያሰራጨው ወባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ክረምትና መኸር የተነሣው ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች ተዛምቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳመመ፤ 150,000 ያህሉን ገደለ። የኮምቦልቻ ዓይነት ከፍታ ከወባ ያስጥላል የሚለው እምነት ያኔ ፈረሰ። በማግስቱ ዓመት የወባ ማጥፋት ድርጅት ተቋቋመ፤ ስላይድ አንባቢዎችም በብዛት ሠለጠኑ። የወባ ስላይድ ሁለት የደም ቅብ አለው። ወፍራሙ ቅብ ውኃ ባለው ቀለም ሲነከር ቀይ የደም ሕዋሳቱ ይፈርሳሉ፤ የወባው ተባይ ብቻውን ስለሚቀር ጥቂትም ቢሆን ይገኛል። ቀጭኑ ቅብ አስቀድሞ በሜታኖል ይጸናል፤ ሕዋሳቱ ስለማይፈርሱ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የተባሉት የተባዩ ዓይነቶች ይለዩበታል። የጂምሳ ቀለም የተባዩን እምብርት ቀይ፣ ገላውን ሰማያዊ አድርጎ ያወጣዋል። ላቬራን ተባዩን እ.ኤ.አ. በ1880 ያየው ያለ ቀለም ነበር፤ ጂምሳ በ1904 ያወጣው ቅመም ግን ንባቡን ማንም ሠልጣኝ ሊማረው የሚችል ሥራ አደረገው።

ከደሴ በስተሰሜን፣ ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱበት ቦሩ ሜዳ፣ በሚሲዮናውያን የተቋቋመ የሥጋ ደዌ ሕክምና ቦታ ሆኗል። የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ሐንሰን በርገን ላይ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው፤ ይሁን እንጂ ባክቴሪያው እስካሁን በላብራቶሪ ምግብ ላይ አልበቀለም። ስለዚህ ማይክሮስኮፕ ዋናው ምስክር ሆኖ ኖረ። መርማሪው የታማሚውን የጆሮ ጫፍ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ይይዛል። ደሙ ሸሽቶ ሥጋው ሲነጣ በምላጭ ጫፍ ትንሽ ይተለትላል፤ ምላጩን አዙሮ የቁስሉን ግድግዳ ይፍቅና ፈሳሹን ስላይድ ላይ ይቀባዋል። ደም ከተቀላቀለ ናሙናው ተበላሸ ማለት ነው። ቀለም ከተነከረ በኋላ ባክቴሪያዎቹ ተቆጥረው ከ0 እስከ 6 ፕላስ ደረጃ ይሰጣቸዋል።

የአክታ ምርመራም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። የደረቀው ቅብ በእሳት ላይ ሦስት ጊዜ ያህል ይተላለፋል፤ በካርቦል ፉክሲን ይሸፈናል፤ ከታች እንፋሎቱ እስኪወጣ ይሞቃል እንጂ አይፈላም። አምስት ደቂቃ ቆይቶ ይታጠባል፤ ከዚያ አሲድ ባለው አልኮል ይነጣል፤ በመጨረሻ ሜቲሊን ብሉ ይፈስስበታል። የነቀርሳ ባክቴሪያ ሽፋኑ ሰም መሰል ስለሆነ አንዴ የጠጣውን ቀይ ቀለም አሲድ እንኳ አያስለቅቀውም። በሰማያዊ መደብ ላይ ቀጫጭን ቀይ እንጨቶች ይታያሉ። መርማሪው ዘይት ጠብ አድርጎ አንድ መቶ መስክ ያነባል፤ በየመስኩ ከ10 በላይ ካገኘ 3 ፕላስ ብሎ ይጽፋል። ድካሙ ይህን ያህል ሆኖ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ባክቴሪያ ካልኖረ ስላይዱ “የለም” ይላል።

ከፍታው በላብራቶሪ ሥራ ላይም ይገባል። ውኃ በደሴ ከፍታ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ስለዚህ ዕቃን በክፍት ድስት ማፍላት ጀርም የመግደል አቅሙ ከቆላው ያንሳል፤ በእንፋሎት ግፊት የሚያመክነው አውቶክሌቭም ወደ 121 ዲግሪ ለመድረስ ጌጁ ላይ የሚታየው ግፊት በባሕር ጠረፍ ከሚያስፈልገው ከፍ ማለት አለበት። ማይክሮስኮፑን ግን ከፍታው አያስቸግረውም፤ የጥንቶቹ ማይክሮስኮፖች ከሥራቸው መስታወት ስለነበራቸው መብራት በሌለበት ቀን በመስኮት በሚገባ ፀሐይ ይሠራሉ።

በማይክሮስኮፕና በፕሮቲን ምርመራ መካከል ያለውን ድንበር የሚያሳዩት ሁለቱ የቅማል በሽታዎች ናቸው። ግርሻን የሚያመጣው ባክቴሪያ እንደ ጠመዝማዛ ሽቦ ያለ ነው፤ ታማሚው ትኩሳት ላይ ሳለ አንድ ጠብታ ደሙ ስላይድ ላይ ቢደረግ በቀይ ሕዋሳት መካከል ሲንፈራገጥ ይታያል። የተስቦ ጀርም ግን በሕዋስ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር እጅግ ደቃቅ ፍጥረት ነው፤ የክፍለ ሀገር ላብራቶሪ በቀለም አያገኘውም። በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ወሎ ውስጥ ሰዎች በየመጠለያው ሲታጎሩ እንዲህ ያሉት የቅማል በሽታዎች ትልቅ ስጋት ነበሩ፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነበር ስላይድ የሚያሳየው።

የማይታየውን ጀርም የሚያጋልጠው የታማሚው ደም ራሱ ነው። አካል ጀርም ሲገባበት አንቲቦዲ የሚባሉ ፕሮቲኖችን ይሠራል። አንድ አንቲቦዲ ሁለት እጅ ስላለው ሁለት ጀርሞችን በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ ብዙ አንቲቦዲዎች ብዙ ጀርሞችን ሲያያይዙ ፈሳሹ እንደ ወተት ይጓጉላል። ፈረንሳዊው ዊዳል ይህን እ.ኤ.አ. በ1896 ለታይፎይድ ምርመራ አዋለው። ዊል እና ፌሊክስ በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ የተስቦ ታማሚዎች ሴረም (ደም ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ) ፕሮቲየስ ኦኤክስ 19 የተባለውን ባክቴሪያ እንደሚያጓጉል አገኙ። ፕሮቲየስ ተስቦን አያመጣም፤ የሽፋኑ ቅርጽ ከተስቦ ጀርም ጋር ስለሚመሳሰል ብቻ አንቲቦዲው ይሳሳትበታል።

ዊዳልና ዊል ፌሊክስ ከኢትዮጵያ ሆስፒታልና ክሊኒክ ሳይወጡ ቆይተዋል። ደም ሰጥቶ የተመለሰ ሰው “ታይፎይድና ታይፈስ ወጣብኝ” ሲል የሚናገረው የእነዚህን ምርመራዎች ውጤት ነው። ሴረሙ በእጥፍ እየቀጠነ ይሄዳል፤ 1 ለ 80፣ 1 ለ 160 እየተባለ ማጓጎሉ እስኪቆም ይታያል። ድክመቱ ግልጽ ነው። ከዓመታት በፊት የታመመ ሰው አንቲቦዲ ቀርቶለት ሊሆን ይችላል፤ የሌላ ጀርም አንቲቦዲም ሊያጓጉል ይችላል። በመሆኑም አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ዊዳል ከማስረጃ ይልቅ ጥርጣሬ ነው፤ ታይፎይድን በእርግጥ የሚያረጋግጠው ባክቴሪያውን ከደም ማብቀል ነው። ያም ሆኖ ርካሽ፣ ፈጣንና መብራት የማይፈልግ በመሆኑ ጸንቶ ኖሯል።

በኮምቦልቻ የእንስሳት ላብራቶሪ ይኸው የመጓጎል ዘዴ በሮዝ ቤንጋል ምርመራ ይታያል። የሚፈለገው ውርጃ የሚያመጣው፣ ባልፈላ ወተትም ወደ ሰው የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ ነው። የበግ፣ የፍየል ወይም የግመል ደም ረግቶ ሴረሙ ከተለየ በኋላ 30 ማይክሮ ሊትሩ ነጭ ሰሌዳ ላይ ይንጠባጠባል። በጎኑ ያንኑ ያህል የሞቱና ሐምራዊ ቀለም የጠጡ የብሩሴላ ባክቴሪያዎች ፈሳሽ ይጨመራል፤ ሁለቱ በስንጥር ይደባለቁና ሰሌዳው ለ4 ደቂቃ በእጅ ይወዛወዛል። ጤነኛ ከሆነ ፈሳሹ እንደ ቀጭን ሻይ ወጥ ሆኖ ይቀራል፤ አንቲቦዲ ካለ ሐምራዊ ቅንጣቶች ዳር ዳሩን ይሰበሰባሉ። የተጠረጠረው ሴረም ኮምፕልመንት ፊክሴሽን በተባለ ምርመራ ይጣራል፤ በዚህም ምስክሮቹ የበግ ቀይ የደም ሕዋሳት ናቸው። አንቲቦዲ ከሌለ ሕዋሳቱ ፈርሰው ፈሳሹ ይቀላል፤ ካለ ሳይፈርሱ ከሥር እንደ ቁልፍ ይቀመጣሉ። እዚህም ፕሮቲን የሚታወቀው በሕዋስ ዕጣ ነው።

የእንስሳት ሐኪም ማይክሮስኮፕን ሙሉ በሙሉ የሚያምንበት በሽታም አለ። በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ ሬሳ አይከፈትም፤ ባክቴሪያው አየር ካገኘ መሬት ውስጥ ለብዙ ዓመት የሚኖር ዘር ይሠራል። ከጆሮ ደም ሥር አንድ ጠብታ ተወስዶ በአሮጌ ሜቲሊን ብሉ ይነከራል፤ ሰማያዊ፣ ጫፋቸው የተቆረጠ የመሰሉ ባክቴሪያዎች በሐምራዊ ሽፋን ተከበው ይታያሉ።

ቀጣዩ እርምጃ ኤላይዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ስቶክሆልም ላይ ኤንግቫልና ፔርልማን፣ ኔዘርላንድስ ላይ ደግሞ ቫን ዌመንና ስኩርስ ለየብቻቸው ያወጡት ይህ ዘዴ የሕዋስ መጓጎልን በኤንዛይም ቀለም ተካው። አንቲቦዲው የሚይዘው የጀርሙ ክፍል (አንቲጅን) 96 ጉድጓድ ባለው የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ይጣበቃል፤ አንቲቦዲ ይያያዘዋል፤ በአንቲቦዲው ላይ የተንጠለጠለ ኤንዛይም ቀለም ያወጣል። በአንድ ጠዋት በአሥሮች የሚቆጠሩ እንስሳት ይመረመራሉ፤ ውጤቱንም በዓይን ግምት ፋንታ መሣሪያ በቁጥር ያነበዋል።

ኤላይዛ ለዚህ አካባቢ የዋለው ትልቁ ውለታ የክፉ ቀኑን የከብት በሽታ፣ ደስታን፣ ለማጥፋት መርዳቱ ነው። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለአፍሪካ የእንስሳት ላብራቶሪዎች የኤላይዛ ኪት አከፋፈሉ። የደስታው ኤላይዛ ፉክክር ነው፦ በሰሌዳው ላይ ያለውን የቫይረስ ፕሮቲን የላሟ አንቲቦዲና በላብራቶሪ የተሠራ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ይሻሙበታል። የላሟ ካሸነፈ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ አንቲቦዲ ከሌላት ቀለሙ ይደምቃል። በአፋር ሙቀትን የሚቋቋም ክትባት ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአርብቶ አደሩ ልጆች እጅ ተሰጠ፤ በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝም እዚያው በአፋር በ1995 ታየ። ክትባቱ ሲቆም ጥያቄው ተገለበጠ፦ ያልተከተቡ ጥጆች ደም ውስጥ አንቲቦዲ ከታጣ ቫይረሱ የለም ማለት ነው። ኢትዮጵያ በ2008 እ.ኤ.አ. ከበሽታው ነፃ ተባለች፤ በ2011 ዓለም በሙሉ ነፃ መሆኗ ታወጀ። ማይክሮስኮፕ ሊያሳየው ያልቻለው የክፉ ቀን ጀርም መጥፋቱ የተረጋገጠው በማይታይ ፕሮቲን አለመኖር ነው።

በሰው በኩል ፕሮቲንን ወደ ቤተሰብ ወሬ ያወረደው ኤች አይ ቪ ነው። ቫይረሱ በኢትዮጵያ መኖሩ በደም ምርመራ የታወቀው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች በ1986 ተገኙ። መጀመሪያ ኤላይዛ ይሠራል፤ ማረጋገጫው ዌስተርን ብሎት ነበር። በዚህ ዘዴ የቫይረሱ ፕሮቲኖች በኤሌክትሪክ ኃይል በጄል ውስጥ እንደ ክብደታቸው ይለያያሉ፤ ወደ ወረቀት መሰል ስስ ሽፋን ይሸጋገራሉ፤ የታማሚው አንቲቦዲ የያዛቸው በመስመር በመስመር ይወጣሉ። አሠራሩ በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን ውድና አድካሚ ነው። በኋላ ኬ ኤች ቢ፣ ስታት ፓክና ዩኒ ጎልድ የተባሉት ፈጣን ምርመራዎች ተራ በተራ እየተሠሩ ውጤቱን በደቂቃዎች ውስጥ ይሰጡ ጀመር።

በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር “ሲዲ ፎር” የሚለው ቃል ከላብራቶሪ ወጥቶ በየቤቱ ተሰማ። ሲዲ ፎር በአንድ ዓይነት ነጭ የደም ሕዋስ ላይ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ ሕዋሳት ሁሉ አንድ ዓይነት ክብ ናቸው፤ ቫይረሱ የሚያጠቃው የትኛውን እንደሆነ ዓይን አይለይም። ስለዚህ ለፕሮቲኑ የተሠራ የሚያበራ አንቲቦዲ በደሙ ላይ ይጨመራል፤ ሕዋሳቱ በቀጭን ፈሳሽ አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ያልፋሉ፤ መሣሪያው የበሩትን ይቆጥራል። ቁጥሩ ከ200 በታች ከሆነ መድኃኒት ይጀመር ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የተገኘበት ሁሉ ቁጥር ሳይጠበቅ ይታከም ሲል ሲዲ ፎር የመድኃኒት መጀመሪያ በር መሆኑ ቀረ።

ከዚህ በኋላ የፕሮቲን ምርመራ ከላብራቶሪም ወጣ። የወባ ፈጣን ምርመራ መብራትና ማይክሮስኮፕ በሌለው ጤና ኬላ ይሠራል። ጠብታ ደም በወረቀቱ ላይ ሲሳብ፣ የወርቅ ቅንጣት የተሸከሙ አንቲቦዲዎች ፋልሲፓረም የሚያመነጨውን ኤች አር ፒ ቱ የተባለ ፕሮቲን ይዘው መስመር ላይ ይቆማሉ፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ቀይ ሰረዝ ይወጣል። ነገር ግን ተባዩ ይህን ፕሮቲን የሚያሠራውን ጂን ሊጥል እንደሚችል ታወቀ። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ እንዲህ ያሉ ተባዮችን አሳየ። እንዲህ ያለው ተባይ ደሙን ሞልቶት እንኳ በኤች አር ፒ ቱ መስመር አይታይም። መፍትሔው ሌላ ፕሮቲን የሚፈልግ ምርመራ መጠቀም ነው፤ ማጣሪያው ደግሞ የጂምሳ ስላይድ።

በካንሰርና በንፍፊት ምርመራ ሁለቱ መንገዶች አንድ ስላይድ ላይ ይገናኛሉ። ያበጠ ንፍፊት በቀጭን መርፌ ተቀድቶ ስላይድ ላይ ሲዘረጋ ባለሙያው የሕዋሳቱን ቅርጽ አይቶ ነቀርሳውን ከካንሰር ይለያል። ከዚያ ለሚያልፍ ጥያቄ፣ ለምሳሌ የጡት ካንሰር ሕዋስ የሆርሞን ተቀባይ አለው ወይ ለሚለው፣ በተቆረጠው ሥጋ ላይ ቀለም የተሸከመ አንቲቦዲ ይፈስሳል፤ ፕሮቲኑ ያለበት ሕዋስ ብቻውን ይቀባል። የሐሳቡ አባት አልበርት ኩንስ በ1941 እ.ኤ.አ. አንቲቦዲን ከሚያበራ ቀለም ጋር ያገናኘው አሜሪካዊ ነው።

በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ ግቢ አለው፤ ደሴ ላይ የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያዎችን ያስተምራል። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ 19 ሲገባ የአማራ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የደሴ ቅርንጫፍ ምርመራውን እዚያው አካሄደ። ምርመራው የቫይረሱን ዘረ መል የሚያበዛ ፒ ሲ አር ነበር፤ ኋላ የቫይረሱን ፕሮቲን የሚይዘው ፈጣን ስትሪፕ ተጨመረ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሁለቱ ከተሞች ሲደርስ የደሴን ሆስፒታል ጨምሮ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ መሣሪያዎች ተወሰዱ፣ የቀሩትም ተሰባበሩ። ከተሞቹ ኅዳር 27 ቀን ወደ መንግሥት እጅ ሲመለሱ ሥራው ከወደቀበት መነሣት ነበረበት።

ኪሳራው በሁሉም ምርመራ ላይ እኩል አይደለም። ኤላይዛና ሲዲ ፎር የማያቋርጥ መብራት፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚጠበቅ ሪኤጀንትና ጥገና የሚያውቅ መሐንዲስ ይሻሉ፤ አንዱ ከጎደለ መሣሪያው ቢኖርም ውጤት የለም። ስላይድ የሚሻው ቀለም፣ ብርሃንና የሠለጠነ ዓይን ነው። የፕሮቲን ምርመራ ጥቂቱንና የማይታየውን ያገኛል፤ ስላይድ ግን ከሁሉ በፊት ይጀምራል፣ ፕሮቲኑ ሲያታልልም ይመሰክራል። በደሴም በኮምቦልቻም ማይክሮስኮፕ ከመስኮቱ ሥር ቦታውን ያላጣው በዚህ ምክንያት ነው።